የሴቶቹ ክፍል ኬብል

ከየመን የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ማግስት፣ በኤደን ከተማ መንሱራ ሰፈር ውስጥ፣ የዐሊያ አጎት ሰላህ የኮምፒውተር ማስተማሪያ ቤት ከፈቱ። ዐሊያ ደግሞ «የሴቶች ክፍል ካልኖረው ሞቼ እገኛለሁ» አለች። ከወንድ ጋር እንዳይቀመጡ አባቶቻቸው የከለከሏቸውን የሰፈሯን ልጃገረዶች አስተምራችኋለሁ ብላ ቃል ገብታላቸው ነበር። ችግሩ ትምህርቱም ማተሚያውም በወንዶቹ ክፍል ባለው ትልቅ ኮምፒውተር ላይ መሆኑ ነው። ከግድግዳው ወዲህ ያሉት አራት አሮጌ ኮምፒውተሮች ከእሱ ጋር ካልተገናኙ የአቧራ ማረፊያ ናቸው።

«እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሰላት እጠብቅሻለሁ» አሉ ሰላህ። «ከዚህ ታዞ እዚያ ማዶ አንዲት ወረቀት ከታተመች፣ ወላሂ ክፍሉ ያንቺ ነው። አለዚያ ለኸያጡ አከራየዋለሁ።»

ኸያጡ፣ ማለትም ልብስ ሰፊው ሙንተሰር፣ እፍረት የሚባል አልፈጠረበትም። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ መጥቶ ከወዲሁ ግድግዳውን ይለካል።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዋኤል ግድግዳውን በስቶ፣ የአንቴና ሽቦ የመሰለውን ጥቁር ኬብል ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው እየቀጠለ ዘረጋው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ይህ ድር ግን አንዲት ወረቀት ማሳተም አቃተው።

ዐሊያ ጠረጴዛ ስር ገብታ ኬብሉን በእጇ እየዳበሰች ተከተለችው። ዋኤል ሁለቱን ጫፎች መልሶ እርስ በርስ አጋጥሟቸዋል።

«ምነው ዋኤል?»

«የሄደ ኤሌክትሪክ መመለስ አለበት፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ! ስንት ዓመት የሠራሁበት ነው!»

«እዚህ ከተመለሰ ነው የሚበጠብጠን! ሰሃሪጅ ወርደህ፣ ባዶው የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ጮኸህ አታውቅም? የራስህ ድምፅ እየተመለሰ የሌላውን አያሰማህም። ጫፍና ጫፉ ላይ ድምፁን የሚውጥ ክዳን ያስፈልጋል።»

ከኬብሉ ጋር ተገዝቶ የመጣው ክዳን ግን አንድ ብቻ ነበር።

«ማሽኔን እዚያ ጥግ ነው የማደርገው» አለ ሙንተሰር።

የዐሊያ ደም ፈላ። እሷ እኮ ደሴ ተወልዶ ኤደን ላይ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረው የከማሉዲን ልጅ ናት! ቤት ሮጣ ከአባቷ ሳጥን ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚገቱ፣ መቶ መቶ ኦም የሆኑ ሁለት የሬዲዮ ዕቃዎች ይዛ ተመለሰች። ጎን ለጎን ሲታሰሩ ኃምሳ ይሆናሉ፤ ኬብሉም የሚፈልገው ኃምሳ ነው። በትርፍ የኬብል ጫፍ ውስጥ ከትታ በብየዳ ካውያ በየደቻቸው። ዋኤል እያጉረመረመ ያጋጠመውን ፈታ፤ የተገዛው ክዳን በአንደኛው ጫፍ፣ የእሷ በሌላኛው ገባ።

አዛን ሊል ነው። ዐሊያ ምን እንደምትጽፍ አላሰበችም፤ ንዴቷ ጻፈላት። ቁልፉን ተጫነች። ጸጥ አለ።

ከግድግዳው ማዶ ማተሚያው ጮኸ!

በር ላይ የቆሙት ልጃገረዶች እልልታውን አቀለጡት። ዋኤል እንኳ ማጉረምረሙን ረስቶ አጨበጨበ።

ሰላህ ወረቀቱን ቀደው መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡ። «ማሻአላህ» አሉና ሙንተሰርን በትከሻቸው ገፋ አድርገው አልፈው፣ በገዛ እጃቸው የክፍሉ በር ላይ ለጠፉት። በትልልቅ የዐረብኛ ፊደል «ይህ ክፍል አይከራይም» ይላል።

ሙንተሰርም ቀረብ ብሎ አነበበው፤ ሜትሩን ጠቅልሎም ኪሱ ከተተ።