የቅጥሮ አምባ እርከን

"ድንጋይ ነው" አለች ራቢያ።

የቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ጥበቃ ደምመላሽ ጆንያውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። "እዚህ በር ላይ ስድስት ዓመት ቆሜያለሁ፣ እናቴ። ባለጉዳይ ማመልከቻ ይዞ ነው የሚመጣው።"

"የኔ ማመልከቻ እሱ ነው።"

ከፈተው። ጎኑ የተሰበረ ወፍጮ ወጣ። ከሥሩ በነጠላ የተጠቀለለ፣ መስታወት የገባለት የምስክር ወረቀት ነበር። ደምመላሽ ጮክ ብሎ አነበበ፦ "ለወይዘሮ ራቢያ ይማም፣ በ2009 ዓ.ም. የተፋሰስ ዘመቻ 412 ሜትር የድንጋይ እርከን ለሠራው ቡድን መሪ..." ቀና ብሎ አያት። "ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር ከድንጋይ ሥር ይደበቃል?"

"ያመጣሁት እንዲታይ ነው እንጂ እንድሞገስበት አይደለም" አለችና ጆንያዋን ተሸክማ ገባች።

ከኩታበር በመጀመሪያው ሚኒባስ ተነስታ፣ ከፒያሳ በባጃጅ የመጣችው ለቅጥሮ አምባ ነው። ቅጥሮ ከመንደሯ በላይ ያለ ተራራ ነው። አንድ የኮምቦልቻ ጠጠር አምራች ድርጅት ሊያፈነዳው ፈቃድ ጠይቋል። የቅርስ ባለሙያዋ ነፃነት ደግሞ ሁለት ሳምንት እላዩ ላይ ከርማ ባልጩት፣ ገልና የጥንት ሰዎች ካብ አግኝታለች። ዛሬ እዚህ የሚደረገው ስብሰባ ቦታውን በጥበቃ ክልል ካስገባው ተራራው ይተርፋል። ካላስገባው ሰኞ ማሽን ይወጣበታል።

አዳራሹ ውስጥ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ጸጋው ቆሞ ፎቶግራፍ ያሳይ ነበር። ካቡ ላይ የቆመ የቆርቆሮ ሰሌዳ ይታያል።

"ባለሙያዋ ካቡ ሁለት ሺህ ዓመት አለው ይላሉ። ሰሌዳው ደግሞ በ2009 የተሠራ እርከን ነው ይላል። የወረዳው የዘመቻ ሪፖርትም ማኅተም አለው" አለ። "እኛ የስምንት ዓመት እርከን ቅርስ ሲባል ሰምተን አናውቅም።"

ሰው ሳቀ። ነፃነት ካርታዋን አጣጠፈችው። የካቡ የታችኛው ድንጋይ በዕድሜ ብዛት ሽበት እንዳበቀለ በዓይኗ አይታለች። ግን ማኅተም ያለበትን ወረቀት በድንጋይ ሽበት መርታት ይከብዳል።

ራቢያ ተነሳች። "ያን ሰሌዳ የተከልኩት እኔ ነኝ።"

"ይኸው!" አለ ጸጋው፣ እጁን ዘርግቶ። "የሰሌዳው ባለቤት ራሳቸው መሰከሩ። እናመሰግናለን፣ እናታችን።"

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ምስጋናህን ያዛት።" ወደ ሰብሳቢው ዞረች። "በዚያ ዓመት ለየቡድኑ ሜትር ተሰፈረለት። እኛ ሠላሳ ነን። አንዱ ሰርግ አለብኝ ይላል፣ ሌላው ለቅሶ። ቅጥሮ ላይ ደግሞ ከቅድመ አያቶቻችን በፊት የቆመ ካብ አለ፤ ቀጥ ብሎ፣ እንደተዘጋጀልን። እላዩ ላይ አንድ ረድፍ ድንጋይ ደረደርንበት። ከዚያ ሜትሩን ዘርግተን ለካነው። የኛ ነው ብለን አስመዘገብን።"

"የሚቆጣጠር ሰው አልነበረም?" አለ ሰብሳቢው።

"ነበረ። ዳገቱ ስለከበደው ከታች ሆኖ ጻፈ። እኔም ከላይ ሆኜ ቁጥሩን ጮኬ ነገርኩት።"

"ከ412ቱ ታዲያ የናንተ ስንቱ ነው?"

"ከካቡ ጫፍ ቀጥለን የሠራነው ሠላሳ ሁለት ሜትር። እሱም አምና በክረምቱ ፈረሰ። የነሱ ቆሟል።"

ወፍጮውን አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የሰብሳቢው የውሃ ጠርሙስ ወደቀ። "ይሄ ከካቡ መሠረት የወጣ ነው። እናቴ አልፈጨችበትም፣ የናቴም እናት አልፈጨችበትም። ተሰብሮ ነው ካቡ ውስጥ የገባው። ማን እንደፈጨበት እሷ ታውቅ ይሆናል" አለች፣ ወደ ነፃነት በአገጯ እያመለከተች።

የጸጋው ፈገግታ ጠፋ። "ክቡር ሰብሳቢ፣ ሕጉ ይታወቃል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከቦታው ማንሳት ወንጀል ነው! እኚህ ሴት በጆንያ ይዘውት በሚኒባስ መጡ! ይጠየቁልኝ!"

ራቢያ አየችው። "ቅርስ ነው ነው የምትለው?"

"እንዴታ! ይሄ እኮ..." አለና አቆመ።

"ነፃነት፣ ልጄ፣ አሁን ያላትን ቃል ጻፊያት። እኔን በኋላ ትጠይቁኛላችሁ፤ ወላሂ የትም አልሄድም።"

በዚህ ጊዜ የሳቀው ሌላው ወገን ነው።

ሰብሳቢው ግን አልሳቀም። ቃሏ በጽሑፍ ሆኖ ካልተፈረመበት ሪፖርቱን እንደማይሽረው ተናገረ። ነፃነት ወረቀት ይዛ አጠገቧ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"እትዬ ራቢያ፣ ይሄን ከፈረሙ ግልባጩ ለወረዳውም ይደርሳል። የሞዴል አርሶ አደርነት ማዕረግዎ ይነሳል። ሐሰተኛ ሪፖርት አቅርበዋል ተብለውም ሊጠየቁ ይችላሉ። ይግባዎት ብዬ ነው።"

ስምንት ዓመት ሙሉ ስሟ "ሞዴል ራቢያ" ነው። የአባቷን ስም የሚያስታውስ የለም። በስብሰባ የፊት ወንበር ይለቀቅላታል። በሽልማት የሰጧት ሬዲዮ ጠዋት ጠዋት የአየር ሁኔታ ያወራላታል፤ ጎረቤቶቿ ዝናብ መዝነቡን ውጭ ወጥተው ከማየት ይልቅ እሷን ይጠይቃሉ።

"ጻፊ" አለች።

"ምን ያህል ልበል? አብዛኛው የጥንት ነው ልበል?"

"አብዛኛው አትበይ። ሦስት መቶ ሰማንያው የነሱ፣ ሠላሳ ሁለቱ የኛ። ሠላሳ ሁለቷን ግን ጻፊልኝ፤ እሷን እንኳ በላባችን ነው የሠራናት።"

ፈረመች። የምስክር ወረቀቱን ከነመስታወቱ በፈረመችበት ወረቀት ላይ ደረበችው። ሰብሳቢው ፈቃዱ እንዲታገድ፣ ቅዳሜ ሁለቱም ወገን ባለበት የላይኛው ረድፍ ተነስቶ ካቡ እንዲታይ ወሰነ። ጸጋው ማስታወሻውን ዘግቶ ወጣ። ወፍጮውን ዞሮ አላየውም።

"እዚህ እናስቀምጠው፣ በመስታወት ሣጥን" አለች ነፃነት።

"ምነው፣ ሰውዬው የተናገረውን ሕግ አልሰማሽም?" አለች ራቢያና ወፍጮውን ወደ ጆንያው መለሰችው።

መናኸሪያ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። የቡድኑ ምክትል መሕሙድ ነው።

"ምን አልሽ?"

"ያለውን አልኩ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"አላህ ይይልሽ! በየትኛው ዓይኔ ሰው ልይ?"

"በሁለቱም። ቅዳሜ ዶማህን ይዘህ ውጣ። በሰርግና በለቅሶ የቀሩትንም ጥራቸው። የደረደርነውን እኛው እናነሳዋለን።"

"ስንደረድር አልመጡም፣ ስናነሳ ይመጣሉ?"

"በሪፖርቱ ላይ ስማቸው አለ። መጥተው ያንሱ።"

ስልኩን ዘጋች። የኩታበሩ ሾፌር ጆንያውን ከፍቶ አየ።

"እናቴ፣ ኩታበር ድንጋይ ጠፋ? ጣሉትና ቀለል ብለው ይሂዱ።"

"ካቡ ሥር የተነሳበት ጉድጓድ ባዶውን እየጠበቀው ነው" አለች። ጣሪያ ላይ ይጫን ቢላትም እምቢ አለች። መስኮቱ ጋ ተቀመጠችና ወፍጮውን ጭኗ ላይ አደረገችው።