ማድ ቤቱን ለማን እንስጥ?

የጥርስ ሐኪሟ ማድ ቤት ሁለት ሰው አይችልም። የፍሪጁ በር ሲከፈት የምድጃው አይከፈትም፤ አንዱ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ከቆመ ሌላው የኋሊት መውጣት አለበት። እሷና ባሏ እዚያች ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት በክርን ሲጎሻሸሙ ኖረው በመጨረሻ ይታደስ ተባለ። ይኼን የሰማው የባሏ ታላቅ ወንድም ቅዳሜ ጠዋት ትልቁን መዶሻውን ይዞ እንደሚመጣና በማድ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ያለውን ግድግዳ በነጻ እንደሚያፈርስላቸው አበሰረ።

ሥራው አውቶቡስ መንዳት ነው፤ ዘመድ ግን ጋሽ ደርምሴ ይለዋል። የእህቱን መታጠቢያ ቤት በሁለት ቀን አሳምረዋለሁ ብሎ ካፈረሰው ወዲህ እህቲቱ ገላዋን የምትታጠበው ጎረቤት እየሄደች ነው፤ ይኸው ሦስተኛ ዓመቷ። እምቢ እንዳይሉት ታላቅ ነው፤ ቅርም ይለዋል። ባልየው፣ ከቅዳሜ በፊት ባለሙያ ከያዝን ውል ገብተናል እንለዋለን ሲል መላ አመጣ። ሐኪሟም ጥርስ እንኳ ሳይታይ አይነቀልም ብላ ፍለጋ ጀመረች።

ረቡዕ የመጣው ባለ መነጽር የውስጥ ዲዛይነር ሳሎን ተቀምጦ ስለ ብርሃን አንድ ሰዓት ተናገረ። ቤት መተንፈስ እንዳለበት፣ ግድግዳ ማለት ፍርሃት እንደሆነ አስረዳ። ባልየው አፉን ከፍቶ ሰማው። ሐኪሟ የተከፈተ አፍ በቀን ሃያ ስለምታይ አልተደነቀችም፤ ሰውየው ማድ ቤቱን ሳያይ ተሰናብቶ ሲወጣ ስሙን ሰረዘችው።

ሐሙስ አንድ መሐንዲስ መጣ። እሱ ደግሞ ምንም ቢጠየቅ መልሱ ይቻላል ነው። ግድግዳው ይፍረስ? ይቻላል። ዕቃ ማጠቢያው መሀል ይቁም? ይቻላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ሐኪሟ ፍሪጁን ጣሪያው ላይ መስቀል ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው። ሰውየው አንጋጦ ሜትሩን ዘረጋ።

ቅዳሜ ማለዳ የደረሰችው አርክቴክት አጭር፣ ዝምተኛ ሴት ናት። እንደ ወትሯችሁ ቁርስ ሥሩ አለቻቸውና ከቦርሳዋ ሁለት ጠመኔ አወጣች። ሐኪሟ በረገጠችበት ሁሉ ቀይ፣ ባሏ በረገጠበት ሁሉ ሰማያዊ እያሰመረች በእግራቸው መካከል ስትድህ እንቁላሉ አረረ።

ጋሽ ደርምሴ መዶሻውን ተሸክሞ የገባው በዚህ መሀል ነው። ማንንም ሳይጠይቅ ግድግዳው ፊት ቆሞ እጅጌውን ሰበሰበ።

አርክቴክቷ ከወለሉ ሳትነሳ፣ "ከላይ ያለው ክፍል የማን ነው?" አለችው።

"የእማዬ ነዋ።"

"አሁን የት ናቸው?"

"ተኝታለች። ምነው?"

"የክፍላቸውን ወለል የተሸከመው ይኼ ግድግዳ ነው። ከመቱት ያለ ደረጃ ይወርዳሉ።"

ጋሽ ደርምሴ መዶሻውን እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ከዚያም በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ ከግድግዳው ራቀ።

ሐኪሟ ተገላገልኩ ብላ ሳትጨርስ ሌላው ታሰባት። ግድግዳው ካልፈረሰ ዘጠኙ ዓመት አሥር፣ አሥሩም ሃያ ሊሆን ነው። "ታዲያ ለኛ ምን ይሻለናል?" አለች።

አርክቴክቷ ወለሉን አሳየቻት። ቀዩ ከፍሪጅ ወደ ማጠቢያ፣ ከማጠቢያ ወደ ምድጃ የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ሰማያዊው ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ፍሪጁን ይዞራል፣ ምድጃው ጋ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ የትም አይደርስም።

"ክፍሉ ይበቃችኋል" አለች። "ቦታ ያጡት ባለቤትዎ ናቸው። በሩ አጠገብ መክተፊያ ያለው ጠረጴዛ እሠራላቸዋለሁ፤ ከዚያ ንቅንቅ እንዳይሉ። የፍሪጁንም በር ወደ ግራ እንዲከፈት እናደርገዋለን። ግድግዳውን ማንም አይነካውም።"

ጋሽ ደርምሴ ሳቁን መያዝ አቃተው። ባልየው ወለሉን አየ፣ ጫማውን አየ፣ ከዚያ ሚስቱን ወደ ኮሪደሩ ጎትቶ ባለ መነጽሩ እንደሚሻል በሹክሹክታ አስረዳት፤ እሱ ቢያንስ ያማው ግድግዳ ነው እንጂ ሰው አይደለም።

"እኔስ እሷን የመረጥኳት ለዚሁ አይደል?" አለችውና ውሉን ልትፈርም ተመለሰች። ባሏም ተከትሏት ገብቶ መንገዷ ላይ ቆመ።