ያዘመመው ጠረጴዛ

«ፍሬኑ» የሚለውን ስም ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ፣ ፌርማታ በደረሰ ቁጥር የኋላውን ሰው ከፊተኛው ጋር በግድ ያስተዋውቅ ነበርና ስሙ ከአውቶቡሱ ወርዶ ሰፈር ገባ፣ ከሰፈርም ቤቱ ድረስ ተከተለው። ጡረታ ሲወጣ አውቶቡሱን አስረከበ፤ ስሙን ግን የሚረከበው ሰው አልተገኘም።

ጡረታ የወጣ ሾፌር ቤት ሲውል ምን እንደሚመስል ሚስቱን ጠይቁ። የተከደነ ድስት ይከፍታል፣ የተከፈተ በር ይዘጋል፣ ምንም ያልሆነ ቧንቧ ፈታትቶ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አድርጎ ይገጥመዋል። ስለዚህ አንድ ቀን ቀጭን ምላጭ ያላት የእንጨት መቁረጫ ማሽን ተሸክሞ ሲመጣ «እሰይ!» አለች። ማሽኗ ከሩቅ ሲያዩዋት የልብስ ስፌት መኪና ትመስላለች። በመርፌ ፈንታ ግን እንደ ክር የቀጠነ ጥርሳም ምላጭ በትንሽ የብረት ጠረጴዛ መሃል ሽቅብ ቁልቁል ይላል፤ ጣውላውን በእጅ እያዞሩ ቅጠል በሉት ወፍ፣ የፈለጉትን ቅርጽ ያወጡባታል። የሚስቱ «እሰይ» የቆየው የእንጨቱ ብናኝ ሳሎኑን እስኪያለብሰው ድረስ ብቻ ነው።

«ወይ እሷ ወይ እኔ!» አለች። ፍሬኑ ለአፍታ ሲያመነታ ብታየው ደግሞ ባሰባት።

ማሽኗ በዚያው ቀን ወደ ዕቃ ቤት ተሰደደች። ፍሬኑ የብረት ጠረጴዛዋን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እንደ ትሪ ብድግ አድርጎ ወሰዳት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ የምታመጣው እሷ ናት።

በዚያ ሰሞን ታላቅ እህቱ እነሱ ጋ ገብታ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች፣ የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ያለበሰች ሴት ናት። ዓይኗ ቀስ በቀስ ደክሞ ጨርሶ ሲጠፋ፣ የስፌት መኪናዋን ለጎረቤት ሰጥታ ልብሷን ይዛ መጣች። አላለቀሰችም፣ አላማረረችም፤ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ በቃ። ፍሬኑን የጨነቀው እነዚያ እጆች ናቸው። እናታቸው ሥራ ስትውል ፊቱን ያጠቡት፣ ሱሪውን የጣፉት፣ አንዳንዴም ጆሮውን የቆነጠጡት እጆች አሁን ሥራ ፈትተዋል።

ሚስቱ አንድ ቀን የጎረቤት ልጆች የሚገጣጥሙትን የእንጨት መጫወቻ ተውሳ አመጣችላት። እህቱ አንዱን አነሣች። «የዚህ ፊቱ የቱ ነው?» አለች። ነገሯት። ሁለተኛውን አነሣች። «የዚህስ?» ሦስተኛው ላይ ሲደርስ መጫወቻውን ወደ ጎን ገፋችው።

«ተዉት ልጆቼ» አለች። «ሰው ሳልጠይቅ የምሠራው ነገር እንደሆነ ቀርቷል።»

ያን ዕለት ነው ፍሬኑ የቆረጠው። ያደጉበትን ግቢ በአንድ ጣውላ ላይ ሊሠራላት፦ እናታቸውን፣ አባታቸውን፣ እሷን ራሷን መኪናዋ ላይ አጎንብሳ፣ ውሻውን፣ ዶሮዋን፣ እሱንም ኳስ ይዞ። እያንዳንዱ ምስል ከጣውላው ተቆርጦ የሚወጣና ተመልሶ ቦታው የሚገባ።

ጥበቡን ያስተማሩት የቅዳሜ ወዳጆቹ ናቸው። የሰፈሩ አናጢ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራውን ዘግቶ ቤቱን እንደ ፍሬኑ ላሉ የእንጨት ፍቅር ለያዛቸው ሰዎች ይከፍታል። ከሁሉ የምትብሰው የሰፈሩ ፋርማሲስት ናት፤ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ነው የምትመጣው።

«ጋሼ ፍሬን፣ ነዳጅ አይርገጡ!» ትለዋለች ጣውላውን ምላጩ ላይ ሲገፋ። «ምላጩ በራሱ ይሄዳል። የእርስዎ ሥራ መሪ መያዝ ብቻ ነው።»

አናጢው ደግሞ የምላጩ ጥርስ ወደ ታች እንዲያይ፣ ተወጥሮ በጣት ሲነካ ጥርት ያለ ድምፅ እንዲሰጥ፣ ጣውላው ላይ ፕላስተር ቢለጠፍ ምላጩ እንጨቱን እንደማያሳርረው አሳይቶታል። ፍሬኑ መጀመሪያ ቀን ምላጩን ገልብጦ ገጥሞት ጣውላው እንደ እንቁራሪት ሲዘልበት ያልሳቀ አልነበረም። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ደግ ሰዎች ሲስቁብህ ብዙም አያምም።

ዕቃ ቤት ገብቶ ግቢውን መቁረጥ ጀመረ። በእያንዳንዱ ምስል እግር ሥር ጠባብ ቀዳዳ ይበሳል፣ ምላጩን ከላይ አላቅቆ በቀዳዳው ያሾልካል፣ መልሶ ይወጥረዋል፣ ከዚያ ትንፋሹን ውጦ ዙሪያውን በቀስታ ይዞራል። አንድም ጊዜ ነዳጅ አልረገጠም። እናትየውን በቀኝ ዞራት፤ አባትየውንም፣ ሌሎቹንም እንዲሁ። ትንሹ ልጅ ጋ ሲደርስ ግን ኳሱ አስቸገረውና በግራ በኩል ዞረው። ሲጨርስ ብናኙን እፍ አለና እንደ ንጉሥ ቆሞ ሥራውን አየ።

ደስታው አልቆየም። እናትየው ከላይ ስትገባ ትንሽ ሰመጥ ብላ ቆመች፤ በታች በኩል ሊያስገባት ቢሞክር አሻፈረኝ አለች። አባትየው እንዲሁ። ውሻው እንዲሁ። ልጁ ደግሞ የባሰበት ነው፤ ከላይ ጨርሶ አይገባም፣ ከታች ብቻ! ጠርዞቹን ጠጋ ብሎ ቢያይ ሁሉም ሰያፍ ተቆርጠዋል። ለዓይነ ስውር እህቴ የሚታገል መጫወቻ ሠራሁላት ብሎ ቅስሙ ስብር አለ።

ቅዳሜ ጣውላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ አናጢው ቤት ሄደ። አናጢው አንዱን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰና ፈገግ አለ።

«የማሽኗ ጠረጴዛ ዘሟል። ጋሼ፣ ወደ ዕቃ ቤት ሲወስዷት ምኗን ይዘው ነው ያነሷት?»

«ጠረጴዛዋን።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ሁላችንም አድርገናታል» አለ አናጢው። «ማሽን በእግሯ ነው የምትነሣው። ጠረጴዛዋን ሲይዙ ከሥር ያለው ብሎን ይላላል። ከዘመመች ደግሞ በቀኝ የዞሩት ከላይ፣ በግራ የዞሩት ከታች ብቻ ይገባል። ከመቁረጥዎ በፊት ሁልጊዜ በስኳድራ፣ በማዕዘን መለኪያው፣ ጠረጴዛው ከምላጩ ጋር ቀጥ ማለቱን ይዩ።»

«ጣውላውን ዛሬውኑ ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ» አለ ፍሬኑ።

«እንዳያደርጉት!» ፋርማሲስቷ ጣውላውን ቀማችው። «የኔ የመጀመሪያ የእንጨት ፈረስ ባለሦስት እግር ናት። መድኃኒት መደርደሪያው ላይ አቁሜያታለሁ። በሽተኛው ሁሉ እሷን ሲያይ ከኔ የባሰ አለ ብሎ ይጽናናል። ማንም ቀጥ ያለ ሥራ ይዞ አይጀምርም ጋሼ።»

«ሌላ ይቆርጣሉ፣ አብረን እንቆርጣለን» አለ አናጢው። «ይህ ግን ለእሷ ነው የተሠራው። ይጣል ካለችም እሷ ትበል።»

ፍሬኑ እያፈረ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ማታ እራት ተነሥቶ ጠረጴዛው ሲወለወል ጣውላውን እህቱ ፊት አስቀመጠ፤ ምስሎቹን ከጎኑ ከመረ። «እትዬ፣ ያደግንበት ግቢ ነው። ግን ተበላሽቶብኛል፤ ሌላ እሠራልሻለሁ…»

«ዝም በል እስቲ አንተ ልጅ!»

እጆቿ ከጭኗ ተነሡ። መጀመሪያ ጣውላውን ዳሰሰች፤ ክፍት ቦታዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዞረቻቸው። ከዚያ ከክምሩ አንዱን አነሣች። አውራ ጣቷ በጠርዙ ላይ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ።

«ይሄ ጠርዝ ሰያፍ ነው።»

ፍሬኑ ጣውላውን ሊሰበስብ እጁን ዘረጋ። «ጠረጴዛው ዘሞ ነው…»

«አላልኩህም ዝም በል?» ምስሉን ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው። «በዚህ በኩል ሰፋ ይላል፣ በዚህ ጠበብ። እንግዲያ ፊቱ ሰፊው ነዋ። የጨርቅ ፊትና ጀርባ በጣቴ ስለይ የኖርኩ ሰው ይሄ ይጠፋኛል?» በሌላ እጇ ቦታውን ፈለገችና ጣል አደረገችው። እናታቸው ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች።

ሁለተኛውን አነሣች፤ ጠርዙን ዳሰሰች፣ ገለበጠች፣ አስገባች። ሦስተኛውን። ፊቱ የቱ ነው አላለችም። ሚስትየው እጇ ላይ ያለው ፎጣ እየተንጠባጠበ ቆማ ቀረች።

«ይቺ ዶሮ ናት?» አለች እህቱ በመሃል። «ሰው ልትነክስ የተነሣች ነው የምትመስለው።» የራሷን ምስል ስታገኝ ደግሞ ወገቧን ዳሰሰችና «እንዲህ ወፍራም ነበርኩ?» ብላ ሣቀች። ከመጣች ወዲህ ሲሰሟት የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት።

መጨረሻ ላይ ልጁ ቀረ። ከላይ ሞከረችው፤ እምቢ አለ። ገልብጣ ሞከረችው፤ ኳሱ አላስገባ አለው። ፍሬኑ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሚስቱ ጎኑን ቆነጠጠችው። እህቱ ምስሉን ወደ ጭኗ መለሰችው። ጠርዙን እንደገና ዳሰሰች። ከዚያ ጣውላውን የልጁ ቦታ ከጠረጴዛው ዳር እስኪወጣ ሳብ አደረገች፣ እጇን ከሥር አሾለከችና ልጁን ከታች ወደ ላይ ገፋችው።

ገባ። ጣውላውን ወደ ቦታው መለሰችና ከላይ በመዳፏ አሻሸችው።

«አይ አንተ!» አለች። «ሁሉም በፊት በር ሲገባ ያንተ ነገር ድሮም በጓሮ ነው። አባባ በሩን ከቆለፈ በኋላ የጓሮውን በር መወርወሪያ ከፍቶልህ የሚያድር ማን ነበር?»

«አንቺ ነሻ እትዬ» አለ ፍሬኑ።

«ይሄን ጣውላ ከጀርባው ልታሽገው አስበህ ነበር?»

«አዎ፣ ነገ ከሥሩ ስስ ጣውላ በኮላ ልለጥፍበት…»

«እንዳትለጥፍ» አለች። ምስሎቹን አንድ በአንድ እያወጣች እንደገና ልትጀምር ከመረቻቸው። «ልጄ በየት ይግባ?»