ሳቢራ ያየችው ዛጎል

ደምለው ከሽንፋ ከተማ አጠገብ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት ጂኦሎጂስት ነበር። መሰርሰሪያው የሚያወጣውን ድንጋይ በየሜትሩ ለይቶ በላስቲክ ያስቀምጣል። ጥቁሩ ድንጋይ አልቆ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ መውጣት ሲጀምር ልቡ እዚያው ላይ ቀረ። እንዲህ ያለ ድንጋይ ከጥንት ባሕር ወለል የተረፈ ነው፤ በውስጡም በዓይን የማይታዩ የባሕር ፍጥረታት ዛጎል ይገኛል። ተማሪ ሳለ ጀምሮ የሚመኘው ይህንኑ ነበር።

ማይክሮስኮፕ ግን አልነበረውም። ገንዳ ውሃ ከተማ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄዶ የላብራቶሪ ባለሙያዋን ሳቢራን ለመናት። እሷም በምሳ ሰዓት እንዲጠቀም ፈቀደችለት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድንጋዩን እየፈጨ፣ እያጠበ፣ በዚያ ሙቀት አጎንብሶ ቢፈልግ ከአሸዋ በቀር ያየው የለም።

አንድ ቀን ሳቢራ ምሳዋን ጨርሳ መጣችና፣ «እስቲ እኔም ልየው» አለች። ወንበሩን ለቀቀላት። ብዙም አልቆየች።

«ይቺ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለችው ምንድን ናት?»

ደምለው ጎንበስ ብሎ አየ። መጽሐፍ ላይ ስንት ጊዜ ያየው ቅርጽ ነው።

«እንዴት አየሻት?»

«እኔ እኮ የካላዛርና የወባ ተውሳክ ስፈልግ ነው የምውለው። እነሱ ከዚች በብዙ ያንሳሉ።»

እንኳን ደስ አለሽ ማለት ሲገባው አላላትም። እሱ የተማረበትን፣ እሱ የደከመበትን፣ እሷ እንደ ዋዛ አገኘችው። ፎቶ አንስቶ ጎንደር ላለው የቀድሞ መምህሩ ለባህሩ ላከ፤ «አገኘሁ» ብሎ ጻፈ። የሳቢራን ስም አላነሳም።

መምህሩ ወዲያው መለሰ፦ «ጎበዝ! አንድ ብቻዋን አትሆንም፤ ሌሎችም ፈልግ።»

ደምለው ሁለት ቀን ብቻውን ፈለገ። ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን ሳቢራ ላቡ ሲንጠባጠብ አይታ አዘነችለትና ተቀመጠች፤ ወዲያው ሦስት ዛጎል ቆጠረችለት። ከዚያ በላይ መቻል አቃተው።

«ለመምህሬ እኔ ያገኘሁት አስመስዬ ጻፍሁለት» አላት።

ሳቢራ ቀና አለች። «ለምን?»

«ቀናሁብሽ።»

«በእኔ? የሰው ደም ሳይ በምውለው?»

«አዎ።»

ሳቢራ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። «በል አሁን እዚሁ፣ እያየሁህ ጻፍ» አለችው።

ስልኩን አውጥቶ፣ «ያገኘችው ሳቢራ ናት። እኔ ሦስት ሳምንት ፈልጌ አላየሁትም» ብሎ ጻፈና አሳያት።

«ሦስት ሳምንት የሚለውን እንኳ አውጣው፤ ያሳፍርሃል።»

«ይቆይ» ብሎ ላከው።

ባህሩ ስልኳን ከደምለው ተቀብሎ በሚቀጥለው ቀን የደወለው ለሳቢራ ነበር። ተማሪዎቹን በማይክሮስኮፕ መፈለግን እንድታስተምርለት ጋበዛት፤ ደምለውን ግን ስለ ጉድጓዱ ጥልቀት ብቻ ጠየቀው። ሳቢራ ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደ ጎንደር ስትሄድ ናሙናውን ጠቅልሎ የሰጣት እሱ ነው። እንደ ወጣች እንድትቀር ተመኘ፤ ወዲያውም በራሱ አፈረ።

ስትመለስ፣ «እንዴት እንደምታዪ አሳዪኝ» አላት።

«መጀመሪያ አትቸኩል። ከጥግ ጀምረህ መስመር በመስመር ሂድ።»

ከወር በኋላ አንድ ቀን፣ እሷ አይታ በጨረሰችው የናሙና መስታወት ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ዛጎል አገኘ። ሳቢራ አየችና ሳቀች፤ «ይቺስ አምልጣኛለች!»

ደምለው በጣም ደስ አለው። ደስ ያለው ግን ዛጎሏን ስላገኘ አልነበረም፤ ሳቢራን ስላመለጠቻት ነው። ይህን አልነገራትም።