የካይፖ ሰሌዳ እስኪደርቅ

ሊኮ የአባቷን የማዕበል መጋለቢያ ሰሌዳ ከፒክአፗ ላይ ስታወርደው ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ። አባቷ ካይፖ በገዛ እጁ የጠረበው፣ አርባ ዓመት ማዕበል የጋለበበት ሰሌዳ ነው። አፍንጫው ላይ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፍቷል። ቀዳዳው ላይ የቢራ ተለጣፊ ወረቀት ለጥፋበታለች።

«በዚህ ደፍነሽ እንደገና ባሕር ገባሽበት?» አልኳት።

«ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ አጎቴ።»

«ጎበዝ። ሦስተኛውን ቀን ምነው ተውሽው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አፌን ታስይዘኝ ነበር። ሠላሳ ዓመቷ ነው፣ ከመንደራችን ከዋይአናኤ እስከ ከተማው ድረስ አውቶቡስ ትነዳለች፣ ተሳፋሪ ሁሉ ምላሷን ይፈራል። ያን ቀን ግን ተለጣፊውን በጥፍሯ መላጥ ጀመረች። አባቷ በሞተ በማግስቱ ሰሌዳውን ይዛ ማካሃ ባሕር ገብታ ከድንጋይ ጋር አላትማዋለች። እናቷ ወይኖና ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰችላትም።

«ቅዳሜ ጠዋት ነው የምንሸኘው» አለች። «የአስከሬኑን አመድ በዚህ ሰሌዳ ነው ወደ ባሕሩ መሃል የምወስደው። ራሱ ነው ያለው፤ አንተም ሰምተሃል።»

ሰምቻለሁ። መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ግን ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፣ እንዲህ ውሃ የጠጣ ሰሌዳ ደግሞ ለመድረቅ ሁለት ሳምንት እንደሚፈልግ እኔ ጠጋኙ አውቃለሁ። ሳይደርቅ ከተዘጋ ፀሐይ ሲያገኘው ውስጡ የቀረው እርጥበት ይተናል፤ ቆዳው እንደ ተቃጠለ እጅ ውሃ ይቋጥራል። ይህን ነገርኳት።

«አራት ቀን ነው ያለን» አለች፤ ሰሌዳውን ራሷ ተሸክማ ጥላ ውስጥ አስገባችው።

የውሃ ቱቦውን ልትጎትት ስትወጣ የሰሌዳውን ቆዳ የተሰባበረውን ፋይበር መቁረጥ ጀመርኩ። ጨው እርጥበት ስለማይለቅ መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት። ከቀዳዳው አጠገብ መዳፍ የሚያህል አሮጌ የጥገና ልጣፍ ነበር። ቢላዬ ሥሩ ሲገባ ያለ ምንም ትግል ተነሳ። ከሥሩ የሰሌዳውን ሆድ የሞላው ፎም ነጭ መሆን ሲገባው እንደ ትምባሆ ጠቁሯል፣ ይሸታል፣ በጣቴ ስነካው ፈረሰ። ስንጥቁ የጀመረው ከዚያ ነው። ድንጋዩ ጤነኛ ሰሌዳ ቢያገኝ ኖሮ ጭሮ ብቻ ያልፍ ነበር።

ልጣፉ የእኔ ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ካይፖ ይህንኑ ሰሌዳ ለውድድር እንዳደርስለት ለጥገና ሰጥቶኝ ነበር። መድረቁን የምናውቀው በቀዳዳው ላይ ጥርት ያለ ላስቲክ በፕላስተር አሽገን ፀሐይ ላይ በማውጣት ነው፤ ላስቲኩ ከውስጥ ካላበው ገና ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ላስቲኩ አልቦት ነበር። እኔ ደግሞ በማግስቱ ዓሣ ለማጥመድ ቀጠሮ ነበረኝ። ላስቲኩን ገልጬ ላቡን በአውራ ጣቴ ጠርጌ ቀዳዳውን ዘጋሁት። ካይፖ ሊወስደው ሲመጣ «ደርቋል?» አለኝ። «አጥንት ሆኗል» አልኩት። አመነኝ፤ ሌላ ሰው ጋ ሰሌዳ ወስዶ አያውቅም።

ሊኮ ቱቦውን ይዛ ስትመለስ ልጣፉን ከእርሳሶቼ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ማታ እነግራታለሁ አልኩ። ማታም ነገ አልኩ።

በማግስቱ ላስቲኩን አሽገን ፀሐይ ላይ አወጣነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ጉም መሰለ። ወደ ጥላ መልሰን ቬንትሌተር ለቀቅንበት። ሊኮ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ በየሰዓቱ ታገላብጠዋለች፤ ጠብ ያለውን በጣቷ ነክታ ትቀምሳለች፤ «አሁንም ጨው ጨው ይላል» ትለኛለች። አንዴ ሰሌዳውን እንደያዘች «ሞቶ ሳለ አባቴን ደግሜ ገደልኩት» አለች። ቬንትሌተሩን አስጠጋሁላት።

ሐሙስ ወይኖና መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ናይኖአ፣ ይደርሳል?»

«እየታገልን ነው።»

«እማዬ፣ ሩዝ ሠርቻለሁ፣ ግቢ» አለች ሊኮ።

ወይኖና ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። «ባሕር የአባቷን አመድ ከመውሰዱ በፊት ሰሌዳውን እንደሰጠችው ንገራት» ብላኝ ሄደች።

ቃሉ አፌ ላይ ነበር። አንድ ትንፋሽ ነበር የሚበቃው። ዋጥኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሊኮ ሩዙን ሳትነካ ተነስታ ሰሌዳውን ገለበጠችው።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ላቡ ሳስቷል እንጂ አልጠፋም። ሊኮ ላስቲኩ ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።

«አጎቴ፣ እንዲሁ ብንዘጋውስ?» አለች። «ለአንድ ሰዓት እኮ ነው። ማን ያየዋል?» አውራ ጣቷ ላስቲኩ ላይ ነበር።

«እጅሽን አንሺ» አልኳት፤ ጎረቤት በሚሰማ ድምፅ።

ደንግጣ አነሳች። መሳቢያውን ከፍቼ ልጣፉን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ላቡን፣ አውራ ጣቴን፣ ዓሣውን፣ «አጥንት ሆኗል» ማለቴን። ድንጋዩ ሰበብ እንደሆነና ሰሌዳውን እሷ እንዳልሰበረችው ነገርኳት።

ልጣፉን አገላብጣ አየችው።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ ዓርብ ነው።»

«አዎ።»

«ትናንት እማዬ እዚህ በር ላይ ስትቆም ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጣፉን ኪሷ ከትታ ወደ መኪናዋ ሄደች። እስከ ማታ ሰሌዳውን ብቻዬን አገላበጥኩት። ሥራዬን ስሠራ እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

ቅዳሜ የመጀመሪያዋ ፀሐይ ግቢውን ስትነካ ሰሌዳውን አወጣሁት። አዲስ ላስቲክ አሽጌ ቁጢጥ አልኩ። አምስት ደቂቃ ሆነ። የፒክአፑ በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ቀና አላልኩም። ሊኮና ወይኖና መጥተው ከጎኔ ቆሙ፤ ልጣፉ ወይኖና እጅ ላይ ነበር። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ ሆነ። ላስቲኩ ጥርት እንዳለ ቀረ።

«ጣትህን ሳታሳርፍ» አለች ወይኖና።

«ሳላሳርፍ» አልኳት።

የበሰበሰውን በሙሉ ቆርጬ አወጣሁና በልኩ ደረቅ ፎም ሞላሁበት፤ ላዩን አለሰለስኩ። ላዩን የሚሸፍነውን የፋይበር ጨርቅ ላነጥፍ ስል ሊኮ እርሳስ ዘረጋችልኝ።

«ጻፍ።»

«ምን ልጻፍ?»

«የሠራ ሰው ስሙን ይጽፋል ትል የለ?»

የሚጽፈው ጠራቢው ነው። ፎሙ ላይ በእርሳስ ይፈርምና ሙጫ ይፈስበታል፤ ሰሌዳው እስካለ ድረስ አይጠፋም። የካይፖ ስም ሰሌዳውን ለሁለት ከሚከፍለው የመሃል እንጨት ጎን እዚያው ይነበባል። ጠጋኝ ግን ፈርሞ አያውቅም። ይህን ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። «ናይኖአ። እርጥቡን ዘግቼው ነበር» ብዬ ጻፍኩ።

«ዓመቱንም» አለች ወይኖና።

ዓመቱንም ጻፍኩ። ጨርቁን አንጥፌ ፀሐይ የሚያደርቀውን ሙጫ አፈሰስኩበት። ጽሑፉ ከሥሩ ጎልቶ ወጣ፤ እስኪጠነክር ሦስታችንም ዓይናችንን አልነቀልንም።

አራት ሰዓት ላይ ባሕሩ መሃል እንደ ሽኝት ልማዳችን ስልሳ ሰው በየሰሌዳው ተቀምጦ ክብ ሠራ፤ እኔም ከመሃላቸው ነበርኩ። ወይኖና በታንኳ ነበረች። ሊኮ አመዱን ታቅፋ በአባቷ ሰሌዳ ላይ ተንበርክካ ወደ መሃል ቀዘፈች። ትንሽ ማዕበል ሲያነሳት ወይኖና ከታንኳው ብድግ አለች።

«ቀስ በይ፣ ልጄ» አለቻት።

ሊኮ ለአፍታ መቅዘፏን አቆመችና እንደገና ቀጠለች። ክቡን እየዞረች በእያንዳንዱ ሰው ፊት ስታልፍ የሰሌዳው አፍንጫ ከውሃው ከፍ እያለ ጽሑፌ ይታይ ነበር። ሰዉ ያነብና ወደ እኔ ይዞራል። ሰሌዳው ቀሎ ይንሳፈፋል፣ ጠብታ አልገባበትም። ከዚያ ክቡ እጅ ለእጅ ሲያያዝ ተራው እኔ ጋ ደረሰ፤ ከግራና ከቀኝ ያሉት እጃቸውን ለመዘርጋት ዘገዩ። እኔም እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ።