ርቧቸው መስሎኝ

...ደስ ብሏቸው ነዋ፣ ሌላ ምን ይባላል፣ ይሄ ሁሉ የዓሣ አፍ ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ እም እም ሲል፣ ሳቄ መጣ፣ እንደምን አደራችሁ የኔ ሆዳሞች አልኳቸው፣ መኖውን በጣሳ ሞልቼ በተንኩ፣ ደግሜ በተንኩ፣ ይኸው ግን መኖው ተንሳፍፎ ቀረ፣ አፉን ከፍቶ የማይበላ እንግዳ ደግሞ የት አገር ነው ያለው?

አይበሉም።

ቆይ ቆይ። ትናንት እኮ ሲሻሙ ፊቴን በጅራታቸው አጥበውኛል፣ ዛሬ ውሃው እንደ ዘይት ተኝቷል፣ ሰማዩ ይኸው ሦስት ቀኑ ፊቱን እንዳጠቆረ፣ ነፋስ የሚባል የለም፣ የቆምኩበት ጣውላ በርሜሎቹ ላይ ተነጥፎ እንኳ አይወዛወዝም፣ ከሥሩ የመረብ ቤታችን፣ ሐይቁ ውስጥ ሆኖ ከሐይቁ የተቆለፈ፣ የስምንት ሴቶች የስድስት ወር ልፋት፣ በሁለት ሳምንት ይወጣሉ የተባሉ ዓሦች፣ እና ይሄ ጉድ ከስምንት ተረኛ መርጦ በኔ ተራ!

የእህቴ ልጅ የዓሣ እርባታ ስልጠናው ላይ ስለዚህ ነገር ተናግራ ነበር፣ አፋቸውን ከፍተው ላይ ላይ ካሉ ብላ፣ ካሉ ምን እናድርግ ነበር ያለችው፣ አክስቴ ስሚኝ እንጂ ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ከጎኔ ካለችው ጋር በአሠልጣኙ አጭር ሱሪ እንባዬ እስኪመጣ እየሳቅኩ፣ ይበለኝ፣ ሳቂ ተብያለሁ፣ ስደውልላት ስልኳ ዝግ ነው፣ እንደገና፣ ዝግ።

እትዬ! ምን እየሠራሽ ነው!

መጣ ደግሞ ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ዕድሜውን በሙሉ መረብ ሲጥል የኖረ፣ ጀልባው ላይ ቆሞ፣ እኛን የዓሣ ወህኒ ጠባቂዎች የሚለን እሱ ነው፣ መረቡን ግን ከወህኒያችን ሃያ እርምጃ ላይ ይጥላል፣ ፍርፋሪያችንን ሊለቅሙ የሚመጡትን የሐይቁን ዓሦች ሊይዝ፣ ብልጥ።

አታብያቸው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው እንጂ ርቧቸው አይደለም ይላል፣ ሂድ ወዲያ፣ ዓሣ ውሃ ውስጥ ቁጭ ብሎ ትንፋሽ አጠረው ሲባል የት ሰማህ፣ ውሃው ተገልብጧል እትዬ፣ አየር የሌለው የታቹ ላይ ወጥቷል፣ በይ አሽትቺው፣ ጎንበስ አልኩ፣ የተበላሸ እንቁላል! በስመአብ፣ እና ምን ይሻላል፣ ክፈቺው ይላል፣ ምኑን፣ የመረቡን ጎን፣ ተጨናንቀዋል፣ ግማሹ ይውጣ፣ አለዚያ ረፋድ ሳይሆን ሁሉም ሆዱን ወደ ሰማይ ያዞራል።

አያችሁልኝ! ግማሹ ይውጣ፣ ወዴት ይውጣ? ወደ አንተ መረብ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ወደ ጥልቁ እንጎትተው እላለሁ፣ በዚች መቅዘፊያ ይላል፣ ይስቃል፣ ይሄ ሳቅ የማን ሳቅ ነው፣ የሌባ ነው የዘመድ? ዓይኑን ሳየው የሰው በግ የሚያማትር ይመስለኛል፣ ግን ጣራዬን ሳልለምነው የጠገነልኝም እሱ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከላይ ሆኖ እየሰደበኝ፣ ሚስማሩን ግን ከኪሱ፣ ታዲያ የትኛውን ልመን፣ ምላሱን ወይስ እጁን፣ ሰባቱ ሴቶች ምን ይሉኛል፣ ዓሦቻችን የት ሄዱ ሲሉኝ ለዋርሳዬ አስረከብኳቸው ልበል? ሞቱ ከምል ግን፣ እንጃ፣ ጭንቅላቴ ራሱ ተገልብጧል መሰለኝ።

አንዱ ነጭ ሆዱን አሳየኝ። ሁለት።

መጀመሪያ ያንተን መረብ አውጣ! ብዬ ጮህኩ፣ ጀልባውን አዙሮ ወደ መረቡ ቀዘፈ፣ ይኸው መሳብ ጀምሯል፣ ረጅም ነው ግን የሱ መረብ፣ እስኪጨርስ ሦስት፣ አምስት፣ ኧረ ቆጠራውስ ምን ያደርግልኛል፣ ቢላዬ የት አለ፣ የሱ መረብ ግማሹ ገና ውሃ ውስጥ ነው፣ ልቤ አትቁረጪ ይላል፣ እጄ ግን የመረብ ቤታችንን ሲባጎ ይዟል፣ ጠሽ፣ ሌላውም፣ ጠሽ፣ ጎኑ እንደ መጋረጃ ተከፈተ።

አይወጡም!

የት አገር የተወለዱ ናቸው እነዚህ፣ ሐይቁ በሙሉ አፉን ከፍቶ እየጠበቃቸው እዚያው ተጠጋግተው እም እም፣ ውጡ እንጂ፣ ውጡ እናንተ ቂሎች፣ ከነቀሚሴ ገባሁ፣ ውሃው ደረቴ ጋ ነው፣ በባልዲው እመታለሁ፣ ዋርሳዬ መረቡን እንደተንጠለጠለ ትቶ መጥቷል፣ በመቅዘፊያው እየደበደበ፣ ከወዲያ ምቺ እትዬ፣ አረፋ አስነሺ፣ አየር ይግባበት ይላል፣ ምን ውስጥ ከተትከኝ አንተ እላለሁ፣ እኔ አሳድጌ እኔው አባራሪ፣ ውጡ!

አንዷ ወጣች። ወደ ጥልቁ ትሂድ ወደ እሱ መረብ አላየሁም፣ እሰይ፣ ሌላ፣ እሰይ የኔ ልጅ፣ ሌላ፣