ትልቅ እፍኝ

1

"ዳይ ባ" በሉ። "ባ" ላይ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉት። ቃል በቃል ትልቅ እፍኝ ማለት ነው፤ በካንቶንኛ ሞልቶ የተረፈ ነገር እንዲህ ይባላል። እኛ በሽ በሽ እንደምንለው።

2

ከአማቴ አፍ የለቀምኳቸው፦

ገበያው ውስጥ ዓሣ ዳይ ባ።

ሩዝ ዳይ ባ፣ ብይ እንጂ!

ለመውለድ ጊዜ ዳይ ባ።

የመጨረሻውን ያሉን ለእኔና ለዊንግ ፋይ ነው። ዊንግ ፋይ ባሌ ነው፤ ለእሳቸው አንድ ልጃቸው።

3

ሞተ።



ሥራ ቦታው ላይ። ልቡ ነው አሉን። እዚህ ጓንዡ ከተማ ውስጥ እኔና አማቴ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

4

መመሪያ፦ እዚህ አገር ከለቅሶ ስትወጡ ከረሜላ ይሰጣችኋል። ቤት ሳትደርሱ ብሉት፤ ሐዘኑ ተከትሏችሁ እንዳይገባ ነው።

እኔ ደግሞ የደሴ ልጅ ነኝ። ባሌን ሸኝቼ መንገድ ለመንገድ ከረሜላ ልምጠጥ? ምን ቆርጦኝ! ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ረሳሁት።

5

እህቴ ከደሴ ትደውላለች። "ልጅ የለሽ፣ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ እንጂ ወለተ!" ቲኬት ቆረጥኩ። አማቴ ሂጂም ቅሪም አላሉኝም። ከዊንግ ፋይ ሞት ቀጥሎ የጎዳኝ ይሄ ዝምታቸው ነው።

6

መኝታ ቤት። ዕቃዬን ወደ ሻንጣ ስናዛውር።

አማቴ፦ ይሄ ምንድን ነው?

እኔ፦ ከረሜላ።

አማቴ፦ የዚያን ቀኑ?

እኔ፦ አዎ፣ የለቅሶው።

አማቴ፦ ቤት አስገባሽው?

እኔ፦ ይቅር ይበሉኝ። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ጣፋጭ አይበላም። ሐዘን አመጣሁብዎ።

አማቴ፦ ሐዘን? (በር ሥር ያለውን የዊንግ ፋይን ጫማ፣ መስኮቱ ላይ የተሰቀለውን ሸሚዙን አሳዩኝ።) ዳይ ባ። አንድ ከረሜላ ምን ይጨምርበታል?

7

በጥርሳቸው ለሁለት ገመሱት። ግማሹን አጎረሱኝ። የዝንጅብል ነበር። ከቀብሩ ወዲህ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው። እኔ እንደ አገሬ ጮክ ብዬ፣ እሳቸው ድምፅ ሳያሰሙ።

8

አማቴ፦ አገርሽ ሰው አለሽ?

9

አለኝ። እህት፣ ወንድሞች፣ አክስቶች፣ የጎረቤት መዓት። እውነቱን ብነግራቸው እፎይ ብለው ይሸኙኛል፤ ከዚያ በሩን ዘግተው ለብቻቸው ራት ይበላሉ። የለኝም ብል ደግሞ ሻንጣውን መልሰው ይፈቱታል። መሄድ እፈልጋለሁ። እሳቸውን ጥዬ መሄድ አልችልም።

አፍ አፌን እያዩኝ ነው። እናንተም ዝም ብላችሁ አትዩኝ፤ ምን ልበላቸው?

10

እኔ፦